ያልያዘኝ በሽታ

ባለፈው ጥቅምት የወንድሜ ልጅ ሰዓዳ ሳትነግረኝ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን መጣች። በቆላ ልብሷ፣ በስስ ሻርፕ፣ ከንፈሯ በብርድ ደርቆ፣ ባንድ እጇ ማሾ የሞላ ከረጢት፣ በሌላው ጥንቅሽ ታቅፋ በሬ ላይ ቆማ ሳያት ደነገጥኩ። የወንድሜ ልጆች ቤቴን አያዘወትሩም። ጋቢ አልብሼ አስቀመጥኳት፤ ሻይ ሰጠኋት። ስለ እናቷ፣ ስለ ታናናሽ ወንድሞቿ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ያለ ጊዜው መጥቶ ሽንኩርቱን እንዳበሰበሰው አወራን። ሰው የመጣበትን ጉዳይ ለማቆየት የሚያወራው ወሬ ያስታውቃል። በመጨረሻ ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ ወለሉን ወለሉን እያየች፣

«አክስቴ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለችኝ። «አንቱ እንዴት ሳይታመሙ ቀሩ?»

አባቷ ሰይድ ከሞተ ብዙ አልቆየም ነበር። እኔ ግን ሃምሳዎቹን አጋምሼም ዳገት እወጣለሁ፤ ሆስፒታሉ ላብራቶሪ ውስጥ ቆሜ እውላለሁ፤ እግሬ የጠዋቱን ወለል ቅዝቃዜ ደኅና አድርጎ ይሰማዋል። ልጅቱ ያደገችው ደግሞ የቤቱ በሽተኛ እኔ እንደሆንኩ እየተነገራት ነው። ስለዚህ ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። መልሱን ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬያለሁ።

አባታችን ሸዋ ሮቢት ዙሪያ የቀወት ገበሬ ነበር፤ ማሽላና ማሾ ይዘራል፣ ወደ ወንዙ በኩል ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ ሽንኩርት ይተክላል። የቤታችን በሽታ ከእግር ይጀምራል። መጀመሪያ ውስጥ እግርን እንደ በርበሬ ያቃጥላል፤ ቀጥሎ ያደነዝዛል። አንድ ማለዳ አባቴ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ከእናቴ ጋር ሲያወራ እናቴ «ምንድነው የሚሸተው?» አለች። ፍም ረግጦ ቆሞ ነበር። የሚሸተው የገዛ ተረከዙ ነው። ወደ ታች አይቶ እግሩን ሲያነሳ ፊቱ ላይ ያየሁት ሕመም አልነበረም፤ እፍረት ነበር። ከዚያ ሆዱ እህል አልይዝ አለ። ከተቀመጠበት ሲነሳ ያዞረው ጀመር። ያ የማሽላ ነዶ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው እንደ አገዳ ቀጠነ። አያታችንም እንዲሁ ሆኖ እንደሞተ ሽማግሌዎች ያስታውሱ ነበር።

የሰፈሩ ሰው ቁምጥና ነው አለ። ፊት ለፊት አይደለም፤ የኛ አገር ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት አይናገርም። ለደቦ መጥራቱን ተወ። መስጊድ ውስጥ ሶላት ሲሰገድ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይቆማል፤ በአባቴ ጎን ግን ክፍተት ይቀር ነበር። ይህን ያጫወተችኝ እናቴ ናት። ሰይድ ገና ጢሙ ሳያቀነቅን ከኋላ ረድፍ ተነስቶ ሄደና ያንን ክፍተት ሞልቶ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታው እዚያ ሆነ።

አባታችን ሲሞት ሰይድ ትምህርቱን ትቶ እርሻውን ያዘ። እኔን ግን አላስቀረኝም። ክረምት ላይ ሮቢ ወንዝ ሲሞላ ደብተሬን ጥምጣሙ ውስጥ አስሮ፣ እኔን አዝሎ ያሻግረኝ ነበር። ጭቃ የመሰለው ውሃ ደረቱ ድረስ ሲደርስ «ጋሼ፣ እንመለስ» ስለው «ፈተና አለብሽ» ይለኛል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። የምነግራችሁ ነገር መራራ ስለሆነ ይህን ማስቀደም ደግ መሰለኝ። በዚያን ዘመን በዓለም ላይ ከሱ አስበልጬ የምወደው ሰው አልነበረኝም።

አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር፣ ውጭ አገር ቆይተው የመጡ አንድ ዶክተር ስለ አሚሎይድ በሽታ ያስተምሩን ነበር። አንድ ቀን የሕመሙን ምልክት ሲዘረዝሩ፣ እግር ይደነዝዛል፣ ሲነሱ ያዞራል፣ ሆድ ይታወካል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል ሲሉ መጻፌን አቆምኩ። ተማሪው ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቄ ወደሳቸው ሄድኩ።

«ዶክተር፣ ይኼ የአባቴ በሽታ ነው።»

አስቀምጠው ብዙ ጠየቁኝ። በመጨረሻ «እንደምትነግሪኝ ከሆነ ቁምጥና አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም» አሉኝ። እዚያው ፊታቸው አለቀስኩ። በሶላት ረድፍ ላይ የቀረው ያ ክፍተት ነበር ፊቴ የመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበት የሚሠራው፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወር አንድ ፕሮቲን አለ። አራት ክፍሎች ተያይዘው ነው አንድ የሚሆኑት። በአንዳንድ ቤተሰብ በዘር የሚወረስ ትንሽ ስሕተት አለና መያያዣው ይላላል። ክፍሎቹ ይለያያሉ፣ ቅርጻቸው ይፈታል፣ ከዚያ እርስ በርስ እየተጣበቁ ነርቭና ልብ ውስጥ እንደ ደለል ይቀመጣሉ። አሚሎይድ የሚባለው ያ ደለል ነው። ዶክተሩ ላብራቶሪያቸው ውስጥ የሚለኩት የፕሮቲኑን ጥንካሬ ነበር። ከደሙ ላይ ፈሳሹን ክፍል፣ ፕላዝማውን፣ እንለያለን። በየብልቃጡ ከፋፍለን ከትንሽ ወደ ብዙ እያደረግን ዩሪያ እንጨምርበታለን፤ ዩሪያ ፕሮቲንን ይፈታልና። ጠንካራው በብዙ ዩሪያ ውስጥ እንኳን ሳይፈታ ይቆያል። ደካማው ገና በትንሹ ይበተናል። በመጨረሻ ጄል በሚባል የረጋ ነገር ውስጥ በኤሌክትሪክ አስኬደን ቀለም ስናስይዘው ያልተፈታው አንድ ቦታ፣ የተፈታው ሌላ ቦታ መስመር ሠርቶ ይታያል። ዓይን ላለው ሰው ግልጽ ነው።

ዶክተሩ የቤተሰባችንን ደም ለመውሰድ ሲፈቅዱ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። «ውጤቱ የሚገባው ለደሙ ባለቤት ነው። ለሱ ትነግሪዋለሽ። ለሌላ ሰው፣ ለእናትሽም ቢሆን፣ አይነገርም።»

በበረዶ የታጨቀ ሳጥን ይዤ በአውቶቡስ ወረድኩ። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ካፖርቱን ቆልፎ የተሳፈረ ሰው ደብረ ሲናን አልፎ ሲወርድ አንድ በአንድ ያወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ ይቃትታል። ዘመን ቢለወጥም ይኸኛው አልተለወጠም። ደጃችን ካለው ማንጎ ሥር ሆነን የሰይድን፣ የሁለት የአጎቶቼን ልጆችና የራሴን ደም ቀዳሁ።

«አሁን ይኼን ምን ታደርጊዋለሽ?» አለኝ ሰይድ ክንዱን በጥጥ ይዞ።

«ዩሪያ እጨምርበታለሁ።»

«ማዳበሪያውን?» ብሎ ሳቀ። «እኔ ለሽንኩርቱ ያጣሁትን አንቺ ለደም ትጨምሪዋለሽ?» የአጎቶቼ ልጆችም ሳቁ። እናቴ ከጓዳ የማሾ ንፍሮ ይዛ ወጣችና ያለወትሮዋ አብራን ሳቀች። በቤታችን ስለዚያ በሽታ እየተወራ ሲሳቅ የመጀመሪያው ቀን ነበር።

የአጎቶቼ ልጆች ደም ጠንካራ ሆኖ ወጣ። የኔም ጠንካራ ነበር። የሰይድ ግን ዩሪያው ገና ጥቂት እያለ ተፈታ። መንገድ ላይ ሙቀት አበላሽቶት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ተመልሼ ወርጄ ሌላ ደም ቀዳሁለት፣ በረዶውን አብዝቼ አመጣሁት። መስመሩ እዚያው ቦታ ላይ ወጣ። ዶክተሩ ጄሉን ብርሃን ላይ አድርገው አዩና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ።

ሽንኩርቱ ማሳ ውስጥ፣ ቦይ ሲመራ አግኝቼ ነገርኩት። የቦዩን ዳር በእግሩ ዘግቶ ሰማኝ።

«ሞት ነው?»

«አሁን አይደለም። አርባዎቹ ውስጥ ስትገባ ሊጀምር ይችላል። ላይጀምርም ይችላል።»

«መድኃኒትስ?»

«እኛ ዘንድ የለም። ግን እየፈለጉ ነው፤ ያንን ፕሮቲን አጥብቆ የሚይዝ ነገር እየፈለጉ ነው።»

ያኔ ሐዋ የምትባል የማጀቴ ከተማ ልጅ ሊያገባ ወሬው ተጀምሯል። ለሐዋ እንዲነግራት ለመንኩት። «እነግራታለሁ፣ ጊዜ ስጪኝ» አለኝ። ከዚያ ዓይኔን እያየ «አንቺ ግን ለማንም አትናገሪም። ወላሂ በይኝ» አለ።

«ወላሂ» አልኩት።

እኔም በዚያው ወራት ሸዋ ሮቢት የሚያስተምር ያሲን የሚባል ሰው ነበረኝ። ዝምተኛ፣ ኳስ የሚወድ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ሁልጊዜ ከፀሐዩ በኩል ቆሞ የሚያጠላልኝ ሰው። ሽማግሌ ሊልክ ዝናቡ እስኪያባራ ብቻ ነበር የምንጠብቀው።

ዝናቡ አባርቶ፣ ማሽላው እሸት ይዞ ሳለ ወረድኩ። ያሲን መናኸሪያው ላይ ጠበቀኝ፤ ግን ሻንጣዬን አልተቀበለኝም። አንድ ሻይ ቤት ገባን። የፓፓያ ጭማቂ አዘዘና ሳይነካው ተወው።

«ዘሃራ፣ እውነት ነው? የአባትሽ በሽታ አንቺ ላይ ተገኘ?»

«ማን አለ?»

«ሰይድ። የሐዋ አባት ሐጂ እንድሪስ ደም መመርመራችሁን ሰምተው ጠየቁት። በሽማግሌዎች ፊት እኔ ነፃ ነኝ፣ በሽታው የተገኘው በእህቴ ላይ ነው አለ። ወሬው እናቴ ጋ የደረሰው በማግስቱ ነው።»

የሻይ ቤቱ ቆርቆሮ ጣራ በሙቀቱ ሲንጣጣ ይሰማኛል። «እኔ ደኅና ነኝ» አልኩት።

«ታዲያ ወንድምሽ ለምን እንዲህ ይላል?»

ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ላለመናገር ምያለሁ። ያሲን ዝምታዬን ቆይቶ ቆይቶ አየውና፣ በክፋት ሳይሆን በሐዘን፣ «የገዛ እህቱን በውሸት እንዲህ የሚያዋርድ ወንድም ይኖራል? አንቺ ነሽ የምትደብቂኝ» አለኝ። ጭማቂው ላይ ዝንብ እየዞረ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገረኝም።

ከከተማ እስከ ቤታችን በእግሬ ሄድኩ። ሰይድ አሁንም ማሳው ውስጥ ነበር። ሲያየኝ አካፋውን ተክሎ ቆመ፤ ከፊቴ ሁሉን አነበበው መሰለኝ፣ ልጠይቀው ሳልጀምር መልስ መስጠት ጀመረ።

«ሐጂ እንድሪስ ከሁለታችሁ የማንኛችሁ ነው አሉኝ።»

«ማናችንም አይደለንም ማለት ያቅትሃል?»

«አያምኑኝም። አባታችንን ያውቁታል። አንዱ ላይ ነው ካልኩ ግን ሌላው ነፃ ይወጣል።»

እንዲህ አስቦበታል። ደንግጦ የወጣው ቃል ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቀለኝ ነበር። አስልቶ፣ መርጦ ነው የተናገረው።

«አንቺ ተምረሻል» አለ ቀጥሎ። «አዲስ አበባ ማን ዘርሽን ይጠይቅሻል? እኔ ከዚህ መሬት ሌላ የት እሄዳለሁ?»

«ያሲንስ?»

«ያሲን ከወደደሽ አይተውሽም።»

«ትቶኝ ሄደ።»

አካፋውን ነቅሎ ወደ ቦዩ ዞረ። ጀርባውን ሰጥቶኝ «ወላሂ ብለሻል» አለኝ። ወንዝ ያሻገረኝ ጀርባ ነው።

እናቴ ማሾ ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ከየት እንደምጀምር ሳስብ እሷ ቀደመችኝ። «ማንኛችሁ እንደሆናችሁ አልጠየቅሁም፣ እንዲነገረኝም አልሻም» አለች ከሰፌዱ ቀና ሳትል። «ሴት ልጅ በሄደችበት ትኖራለች። ይኼ ቤት ግን በወንድምሽ ነው የሚቆመው። ዝም በይ ልጄ።» ታውቅ ነበር። ባታውቅ ኖሮ «ደኅና ነሽ ወይ?» ትለኝ ነበር። አላለችኝም።

ለሰይድ ሰርግ፣ ለኒካው፣ ማጀቴ ሄድኩ፤ ብቀር ወሬው ይብሳል አሉኝ። የሐዋ ዘመዶች ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ወጥ ለማውጣት ጭልፋውን ሳነሳ አንዲት ሴትዮ ፈገግ ብላ ከእጄ ወሰደችና «አንቺ የሩቅ እንግዳ ነሽ፣ አረፍ በይ» አለችኝ። የነካሁትን ጭልፋ ስታጥበው አየኋት። ቁምጥና እንዳልሆነ፣ እንደማይጋባ ላስረዳ ስንት ደክሜ ያመጣሁት ምርመራ መልሶ እኔኑ አባቴ የቆመበት ቦታ አቆመኝ። ሰይድ በሙሽራ ልብሱ ከወዲያ ማዶ ቆሞ ይኼን ሁሉ ያይ ነበር። ዓይናችን ተገጣጠመ። እሱ ነው ቀድሞ የዞረው።

ዶክተሩ ነገሩን ሲሰሙ «እኔ ወርጄ ላስረዳቸው» ብለው ነበር። እምቢ አልኩ። የኔ ደም ጠንካራ ነው ካሉ ጣት ሁሉ ወደ ሰይድ ይዞራል፤ እኔ ደግሞ ምያለሁ። ትምህርቴን ጨርሼ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ዘግይቼም ቢሆን ደግ ሰው አገባሁ፣ ወለድኩ። የቆላው ፀሐይ፣ የጥንቅሹ ሽታ፣ ያ ሁሉ ያሳደገኝ አገር ግን በዓመት አንዴ ለዒድ የምረግጠው፣ የሰው ዓይን እየቆጠርኩ የምወጣበት ቦታ ሆነ።

ዓመታት አልፈው ሰይድ መታመም ጀመረ። ሰው ሲጠይቀው ስኳር ነው ይላል። ያኔ ፕሮቲኑን አጥብቆ የሚይዝ ኪኒን በዓለም ላይ ተገኝቷል፤ ውድ ነው፣ ማግኘቱ ከባድ ነው፣ ግን መንገድ ነበረው። ይህን ልነግረው ወረድኩ። ግቢው ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት።

«ስኳር ነው» አለኝ ገና ሳልናገር።

«ጋሼ፣ ከኔ ጋር ነው እኮ የምታወራው» አልኩትና ስለ ኪኒኑ ነገርኩት።

ጓዳ ውስጥ ሐዋ ዕቃ ታንኳኳለች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መድኃኒቱን ከወሰድኩ በሽታው የማን እንደነበር ይታወቃል። ለሷ ምን እላታለሁ? ለልጆቹስ?» አለ።

«ልጆቹን አስብ እንጂ። እነሱም መመርመር አለባቸው።»

«ወላሂ ብለሻል፣ ዘሃራ።»

እንዲያ እንዳለ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ እውነቱን ልናገር አስቤ ነበር። ሐዋ ትንሹን ልጇን ከጎኔ አንስታ ራቅ አድርጋ ስታስቀምጠው ግን ተውኩት። ሟች ራሱን መከላከል በማይችልበት ቀን በሱ ላይ ብናገር ማን ያምነኛል?

ይህን ሁሉ ለሰዓዳ ነገርኳት። ለሞተ ሰው የማልኩት ቃል በሕይወት ላለች ልጅ መያዣ መሆን የለበትም ብዬ ነው። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የጋቢውን ጥለት እየነካካች፣

«ትንሽ ሆነን አንቱ ሊስሙን ሲመጡ እናታችን ትጎትተን ነበር» አለች። «አባባ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። አንድ ቀን እንኳን ተይ አላላትም።»

የመጣችበትንም ያኔ ነገረችኝ። ሽማግሌ ተልኮባታል፤ እሷ ደግሞ የአባቷን በሽታ ስኳር ነው ብሎ መቀበል ካቃታት ቆይቷል። በማግስቱ ደሟን ቀድቼ አዲስ አበባ ላክሁ። ዛሬ የዘር ምርመራም አለ፤ የድሮው የጥንካሬ ልኬትም አብሮ ይሠራል። «ውጤቱ ላንቺ ብቻ ነው የሚነገረው» ስላት አሰበችና «አይሆንም። እናቴም ወንድሞቼም ባሉበት ይንገሩኝ» አለችኝ።

ባለፈው ወር አብረን ወረድን። ከመናኸሪያው በባጃጅ ገባን፤ ሙቀቱ እንደ ድሮው ፊትን ይገርፋል። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ፣ ሐዋ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነገርኳቸው። ሰዓዳ የአባቷን ደካማ ፕሮቲን ወርሳለች። ገና ምንም አልጀመራትም፤ ሐኪም ይከታተላታል፣ ኪኒኑም ሲያስፈልጋት እንዲገኝ ከአሁኑ እየተሯሯጥን ነው። ሽማግሌ ለላከው ልጅ ራሷ ልትነግረው ወስናለች። ወንድሞቿም ተራቸውን ክንዳቸውን ሰጡኝ።

ሐዋ መጨረሻ ላይ ነው የተናገረችው። ለኔ ይሁን ለሟቹ እንጃ። «ቢነግረኝ አገባው ነበር» አለች። «ወላሂ፣ አባቴን አሳምኜ አገባው ነበር።»

በአውቶቡስ ስመለስ ከልቤ ያልወጣው ይኼ ቃል ነው። እኔ ያጣሁት ሁሉ፣ ያሲን፣ አገሬ፣ እናቴ፣ ቢያንስ ለአንድ ነገር የተከፈለ ይመስለኝ ነበር። ለምንም አልነበረም። ይቅር በይው ይሉኛል ሰዎች፤ ሞቷል ይሉኛል። እሞክራለሁ። እኔ ላይ የዋሸውን ምናልባት አንድ ቀን እተውለት ይሆናል። ሰዓዳ ላይ የዋሸውን ግን ይቅር የማለት መብቱ የኔ አይደለም። እሷም እስካሁን ይቅር አልኩት አላለችም።